«ወለምታ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ከሚኒባስ ስወርድ ነው የሆነው። ዝናብ ጥሎ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። ግራ እግሬ ጠርዝ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ እጥፍ አለ። «ቋ» የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ «አይዞህ ወንድሜ፣ ወለምታ ነው» አለኝ። እያነከስኩ ቤት ስደርስ አክስቴም «ወለምታ ነው» አለች። ጎረቤታችን እማማ ቅቤ ይዘው መጡ። እሳቸውም ገና ከበር ላይ «ወለምታ ነው፣ ይታሽ» አሉ። እስከዚያ ድረስ ካልሲዬን አውልቆ ያየ ሰው አልነበረም።

ሦስት ቀን ታሸሁ። በአራተኛው ቀን ጭራሽ መርገጥ ሲያቅተኝ ራጅ ተነሳሁ። ከትንሿ ጣቴ ወደ ኋላ የሚዘልቀው አጥንት ጫፉ ተሰንጥቋል። በቅቤና በአውራ ጣት ስናሸው የከረምነው ስንጥቁን ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ የአጥንት ሐኪሜን በጥያቄ አድርቄዋለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው በወደቀ ቁጥርም የምጠራው እኔ ሆኛለሁ። የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የቱ የቱ ነው?

መገጣጠሚያ ላይ አጥንትን ከአጥንት አስረው የሚይዙ ጅማቶች አሉ። ወለምታ የሚባለው እነዚህ ጅማቶች ከልክ በላይ ሲለጠጡ፣ ወይም በከፊል አለዚያም ሙሉ በሙሉ ሲበጠሱ ነው። አጥንቱ ግን ቦታው ላይ ነው። ውልቃት ሲሆን አጥንቱ ራሱ ከመቀመጫው ወጥቷል። ስብራትን ታውቁታላችሁ። አስቸጋሪው ነገር ሦስቱ አንድ ላይ ሊመጡ መቻላቸው ነው።

ወለምታ በጣም የሚያዘወትረው ቁርጭምጭሚትን ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይጎዳሉ። ውልቃት ደግሞ ትከሻን ይወዳል። ትከሻ በሁሉም አቅጣጫ መዞር ስላለበት መቀመጫው ጥልቀት የለውም። የሲኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን አስቡ። ዳሌ ግን እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፣ ገብቶ የተቀመጠ። ስለዚህ ጤነኛ ዳሌን የሚያወልቀው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና አደጋ ወይም ከትልቅ ከፍታ መውደቅ ነው።

አንደኛ፦ አስቀምጡት፣ አውልቁለት፣ እዩት

የወደቀውን ሰው «ተነሥ፣ ተራመድ፣ ይፍታታል» አትበሉት። ይቀመጥ። ጫማና ካልሲ ይውለቅ። እጅ ከሆነ የተጎዳው፣ ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መውጣት አለባቸው። እብጠቱ ከመጣ በኋላ ቀለበት ጣትን ያንቃል። እምቢ ካለ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብታችሁ እያዞራችሁ አውጡት። አሁንም እምቢ ካለ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ይቆረጥ። የጋብቻ ቀለበት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ቀለበት ይሠራል፣ ጣት አይሠራም።

ከዚያ ሁለቱን እጆች ወይም ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። ማበጥ ብቻ ነው ወይስ ቅርጹም ተለውጧል? ያለቦታው ያበጠ ጉብታ፣ ያለወጉ የዞረ እግር፣ ያጠረ የሚመስል ክንድ ካያችሁ «ወለምታ» የሚለውን ቃል ተዉት። ወደ ሕክምና የሚሄድ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ከጉዳቱ በታች ያለውን ፈትሹ

ሁሉም ሰው የሚያየው ያበጠውን ቦታ ነው። እናንተ ግን ጣቶቹን እዩ። የጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ንኩ፤ ከደህናው ጋር አወዳድሩ። ዓይኑን ጨፍኖ የትኛውን ጣት እንደነካችሁ ይንገራችሁ። ጣቶቹን ያንቀሳቅስ።

ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም አልታዘዝ ካለ፣ ደም ሥር ወይም ነርቭ ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። «እስኪ ነገ ይታያል» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። በተለይ ጉልበት ወልቆ ከሆነ ከኋላው የሚያልፈው ትልቅ ደም ሥር ሊቆረጥ ይችላል፣ እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ነው።

ሦስተኛ፦ ቁርጭምጭሚት ከሆነ አራት እርምጃ

እ.ኤ.አ. በ1992 ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች አንድ ቀላል ነገር አወጡ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሁሉ ራጅ ይነሳ ነበር፤ አብዛኛው ግን ስብራት የለውም። ታዲያ ማን ራጅ ያስፈልገዋል? መልሳቸው ዛሬም ድረስ በብዙ አገር ይሠራበታል። ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል።

በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጎልተው የወጡትን ሁለት አጥንቶች ፈልጉ። የእያንዳንዱን የኋላ ጠርዝ ከታችኛው ጫፉ ጀምራችሁ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ በአንድ ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። ሥጋው ሳይሆን አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ ራጅ። ቀጥሎ የእግሩን የውጭ ጠርዝ በጣት ዳስሱ። መሐል ላይ አንዲት ጉብታ አለች፤ የኔ የተሰነጠቀችው እሷ ናት። እሷም ስትነካ ካመመች ራጅ። በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ የእግር ቅስት አናት ላይ ያለው አጥንትም እንዲሁ።

የመጨረሻው ፈተና እርምጃ ነው። ይህን አጥንቱ ሲነካ ለማያመውና ቅርጹ ላልተለወጠ ሰው ብቻ ሞክሩ። አራት እርምጃ መራመድ ይችላል? ማነከስ ይፈቀዳል፤ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለቴ ክብደቱን ካሳረፈ አለፈ። እንደወደቀም አሁንም ካልቻለ ራጅ።

ከአጥንቱ በታችና በፊት ያለው ለስላሳ ቦታ ብቻ ካመመው፣ እያነከሰም ቢሆን ከሄደ፣ ወለምታ የመሆኑ ነገር ሚዛን ይደፋል። ግን ይህ ፈተና ለሁሉም አይሆንም። የሰከረ ሰው ሕመሙን አያውቀውም። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ደንዝዞ በተሰበረ አጥንት ሊሄድ ይችላል። ልጆች ላይ ደግሞ የሚያድገው የአጥንት ጫፍ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው፤ ትልቅ ሰው ላይ ወለምታ የሚሆነው አወዳደቅ ልጅ ላይ ስብራት ይሆናል። እነዚህን በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። እናታችሁ በእጃቸው መዳፍ ወድቀው አንጓቸው ካበጠም እንደዚያው። በእድሜ የሳሳ አጥንት «ወለምታ» እየተባለ ስንቱ ቤት ተቀምጧል።

ውልቃት ሲሆን

የወለቀ ትከሻን አንዴ ያየ አይረሳውም። ክብ የነበረው ትከሻ ማዕዘን ይሆናል። ከፊት በኩል ጉብታ ይወጣል። ሰውየው እጁን በሌላው እጁ አቅፎ ይቀመጣል፣ እንዲነካ አይፈልግም። መዳፉን ወደ ደህናው ትከሻ ማድረስ አይችልም። ክርንና ጣትም ይወልቃሉ። የጉልበት ሎሚ ወደ ውጭ በኩል ይሸሻል። መንጋጋ እንኳ ይወልቃል፤ በሰፊው ሲያዛጋ አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው አይቻለሁ። የሳቀበትም ነበር፣ እሱ ግን ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና እናንተ ናችሁ። ከከበቡት ሰዎች አንዱ «ያዘው፣ እኔ ልሳበው» ይላል። ፊልም አይቷል። አታስነኩት። አብሮ የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላል። ሲሳብ ነርቭና ደም ሥር አጥንቱ መሐል ሊያዝ ይችላል። ጡንቻው ደግሞ በሕመም ተኮማትሮ ስለሚይዘው ጉልበት በጨመራችሁ ቁጥር ይብስበታል። ሆስፒታል ውስጥ በተለመደው መንገድ መጀመሪያ ራጅ ይታያል፣ የሕመም ማስታገሻ ወይም የሚያዝናና መድኃኒት ይሰጣል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይመለሳል፣ መልሶ ራጅ ይነሳል። ጡንቻው ሲለቅ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። በቆየ ቁጥር ግን መመለሱ እየከበደ ስለሚሄድ ዛሬ የወለቀ ዛሬ ይሂድ።

ታማሚው እስኪታይ ድረስ ምግብና መጠጥ ባይወስድ ይሻላል፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። እጁን በነጠላ እሰሩለት። ነጠላ ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ አጥፋችሁ አራት ማዕዘን አስመስሉት፣ ከዚያ በሰያፍ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉት። እጁ እንዳለ፣ እሱ እንደያዘው ይሁን፤ አታስተካክሉት። ነጠላውን በክንዱና በሆዱ መሐል አሾልኩት፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ክርኑ ይዙር። የላይኛውን ጫፍ በደህናው ትከሻ በኩል ወደ አንገቱ አዙሩ። የታችኛውን ጫፍ ክንዱን አቅፎ ወደ ላይ አምጡትና ሁለቱን ከአንገቱ ጎን ቋጥሩ። ቋጠሮው አከርካሪው ላይ አይረፍ፣ ይቆረቁራል። በክንዱና በደረቱ መሐል ክፍተት ካለ የተጠቀለለ ጋቢ ሙሉበት። እንዲህ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ማለት ይችላል።

የወለቀው ዳሌ ወይም ጉልበት ከሆነ፣ ወይም አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ተሸክማችሁ አትሩጡ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፣ የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ አትግፉ። አዲስ አበባ ላይ አቤት ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነት ድንገተኛና ከባድ አደጋ የተቋቋመ ነው።

በራሱ የተመለሰም ይታይ። የጉልበት ሎሚ እግር ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገባል፣ ሰውየውም «ተመለሰልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ። የተበጠሰው ጅማት ግን አልተመለሰም። ትከሻም በወጣትነት አንዴ ከወለቀ መደጋገም ይወዳል።

ትንንሽ ልጆችና ክርናቸው

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ወላጅ ስለሚደነግጥበት ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ አስፋልት ስትሻገሩ በአንድ እጁ ብድግ ታደርጉታላችሁ። ወይም ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ «ሆፕ!» እያለ ያወዛውዘዋል። ድንገት ያለቅሳል፣ ከዚያ እጁን ከጎኑ አንጠልጥሎ አላንቀሳቅስ ይላል። እብጠት የለም። የአንዷ የክንድ አጥንት ጫፍ ክርኑ ላይ ካለች ማሰሪያዋ ሾልካ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ በሰከንዶች ውስጥ ይመልሳታል፣ ልጁም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብስኩት መቀበል ይጀምራል። ከወደቀ ወይም ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ራጅ። ከዚያ በኋላ ልጁን ስታነሱት በብብቱ ስር ይዛችሁ ይሁን።

ወጌሻውስ?

ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። በሩቅ ገጠር ካለ ሰው ራጅ ቀን ሙሉ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ወጌሻው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ጎበዝ እጅ ያላቸው አሉ። ኳስ ሜዳ ላይ እየሮጠ የሚገባውን የቡድን ባለሙያ እንኳ ዛሬም «ወጌሻ» ነው የምንለው።

ችግሩ ወጌሻው እጅ ውስጥ ዓይን አለመኖሩ ነው። አጥንቱን አያየውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማሰሩ ነው። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ውስጡ እያበጠ ይሄዳል፣ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ደም ይቋረጣል። በዚህ የተነሳ እጅና እግራቸው ጋንግሪን ሆኖ የተቆረጠባቸው ልጆች ታሪክ በአገራችን ሆስፒታሎች አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውበታል።

ስለዚህ የኔ ስምምነት ይሄ ነው፦ ራጅ ቀድሞ፣ ወጌሻ ከፈለጋችሁ በኋላ። ቀድሞ ከታሰረ ደግሞ ሌሊቱን ጣቶቹን ጠብቁ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቱን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርገው የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱት። «ሰባት ቀን እንዳይፈታ ተብሏል» የሚል ቢመጣም ፍቱት። ፈትታችሁም አትተኙ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የሆስፒታል ጀሶም ቢሆን እንዲህ ካደረገ በዚያው ሰዓት ተመለሱ።

ወለምታ መሆኑ ሲረጋገጥ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሥራው ማረጋጋት ነው። እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጉ፤ ሁለት ትራስ ይበቃል። በረዶ ካለ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። እኔ ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ ነው የምጠቀመው። መብራት ከሄደ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ይሠራል። በረዶን በባዶ ቆዳ ላይ አታሳርፉ፣ ያቃጥላል።

ስለ በረዶ አንድ ነገር። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ ከፍ ማድረግ የሚለውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶ ማብዛት ማገገምን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ራሱን አርሟል። እና በረዶ ለሕመሙ ይጠቅማል፣ ግን ቀኑን ሙሉ አትዘፍዝፉት።

ላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ አጠገብ ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። ከሥሩ አንድ ጣት መግባት አለበት። ማታ አላሉት።

በእነዚህ ቀናት የማይደረጉት፦ ማሸት፣ ሙቅ ውሃና ጨው መዘፍዘፍ፣ የሚያቃጥል ቅባት፣ አልኮል። ሁሉም ደም ወደ ቦታው ይጠራሉ፣ እብጠቱን ያብሱታል። አክስቴ ይህን እስከ ዛሬ አላመነችም።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ለትልቅ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበቱን የሚያመው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ያስታግሳሉ፣ ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ፋርማሲ ሄደው «አንድ መርፌ ውጋኝ» ከማለት ይልቅ ሐኪም ይጠይቁ። ጨጓራ የሌለበት ሐበሻ ማግኘት ከባድ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ግማሻችንን ይመለከታል።

ቤት ተቀምጣችሁም በ5 ቀን ገደማ መርገጥ ካልተሻሻለ፣ መገጣጠሚያው ከከዳችሁ ወይም ከተቆለፈ ተመለሱና ታዩ። ሳይመታ ድንገት ያበጠ፣ የቀላና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ወለምታ አይደለም። ውስጡ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እግራችሁን ሀ ሁ አስቆጥሩት

ቀላል ወለምታ በአንድ ሁለት ሳምንት ይድናል። መካከለኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ወራት ይፈልጋል። ሕመሙ ሲጠፋ ግን አልጨረሳችሁም። የተጎዳ ጅማት ሚዛን የመጠበቅ ስሜቱን ያጣል፤ ያው እግር ያው ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚዞርባችሁ ለዚህ ነው።

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቁጭ ብላችሁ፣ ተረከዛችሁን ከመሬት አንሥታችሁ፣ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ፊደል ጻፉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያላችሁ። የኛ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሐ ቀጥ ቀጥ ያደርጋል፣ ጨ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን አሽከርክሮ ይለቀዋል። መጀመሪያ ቀን እስከ መ ብትደርሱ ይበቃል። ያለ ሕመም መርገጥ ስትችሉ ጥርስ ስትቦርሹ በአንድ እግር ቁሙ፣ ግድግዳው አጠገባችሁ ይሁን። 30 ሰከንድ ሲሞላ ዓይን ጨፍኖ መሞከር ነው፣ እዚያ ላይ ሁላችንም እንንገዳገዳለን። ቀጥሎ በጣት ጫፍ መቆም፣ መጀመሪያ በሁለቱም እግር፣ ከዚያ በተጎዳው ብቻ።

ወደ ኳስ የምትመለሱት በተጎዳው እግር ብቻ አሥር ጊዜ ስትዘሉ፣ ከደህናው እኩል ስትርቁና በማግሥቱ ጠዋት እግሩ ሳያብጥ ሲነሳ ነው። እኔ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነው ያለፍኩት። ስድስተኛው ላይ ሞክሬ ነበር፣ ማግሥቱን ጫማዬ አልገባም አለ።